«ቀዩ» ጊልበርት ደ ክሌር በባሮኖች ዐመፅ፦ ጥያቄና መልስ

አስቀድሜ ላሳስብ፦ ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። የምንነጋገረው በ1262 ስለሞተው ሪቻርድ ልጅ፣ ጠጉሩ «ቀዩ» ስላሰኘው የግሎስተር ኧርል (ከፍተኛ የእንግሊዝ መኳንንት ማዕረግ) ነው፤ ዐመፁም የእንግሊዝ ባሮኖች (ባለርስት መኳንንት) በንጉሥ ሄንሪ ሣልሳዊ ላይ ያነሡት ነው፤ ከአያቱ ከጊልበርት ጋር አትቀላቅሉት።

ጥያቄ፦ መምህር፣ በሊዊስ ጦርነት ምን ሠራ?

መልስ፦ በሜይ 14 ቀን 1264 ገና የ20 ዓመት ወጣት ሳለ የዐመፁን መሪ የሲሞን ደ ሞንትፎርትን ጦር መካከለኛ ክፍል መራ። ንጉሥ ሄንሪ ሣልሳዊ በዚያ ቀን ተማረከ።

ጥያቄ፦ ታዲያ ሲሞንን ለምን ከዳው?

መልስ፦ የከዳው ሲሞንን እንጂ ዓላማውን አይደለም፤ ይህን ስንት ጊዜ ጻፍሁ! ከድሉ በኋላ ግንቦቹም ምርኮኞቹም በብዛት በሲሞንና በልጆቹ እጅ ስለገቡ፣ ጊልበርት ድርሻዬ ቀረብኝ ብሎ አኮረፈ። በሜይ 28 ቀን 1265 የንጉሡ ልጅ ልዑል ኤድዋርድ በሄርፎርድ በጥበቃ ሥር ሳለ ፈረስ ልሞክር ብሎ ከጠባቂዎቹ ጋር ወጣ፤ ዜና መዋዕል ጸሐፊዎች እንደሚሉት ፈረሶቹን በየተራ እየጋለበ ካደከመ በኋላ፣ ባልደከመው ላይ ተፈናጥጦ አመለጠ። ጊልበርትም ሉድሎ ላይ የተቀበለው እንዲያው አይደለም፤ የጥንቶቹ በጎ ሕጎች እንዲጸኑና የባዕድ አገር ሰዎች ከንጉሡ ምክር እንዲወገዱ አስምሎ ነው። በ1258 በኦክስፎርድ ባሮኖቹን ያስነሣው ጥያቄ ይኸው አልነበረምን? በኦገስት 4 ኢቭሻም ላይ ጊልበርት አንዱን ክፍለ ጦር ሲመራ ሲሞን ተገደለ፣ ሬሳውም ተቈራረጠ።

ሌላ አባል፦ ከሐዲ መሐላ ቢያስምል ያው ከሐዲ ነው።

ሦስተኛ አባል፦ የንጉሡን እህት አግብቶ ንጉሡን የማረከው ሲሞንስ ምን ሊባል ነው?

ሌላ አባል፦ ከኢቭሻም በኋላ የተሸናፊዎቹን መሬት ከነጠቁት አንዱ ጊልበርት ነው።

መልስ፦ መንጠቁን አልክድም። ነገር ግን በኬኒልወርዝ ውሳኔ (ለተሸነፉት የሲሞን ወገኖች በ1266 በወጣው የዕርቅ ደንብ) መሠረት ዐመፀኞቹ መሬታቸውን የሚያገኙት ቅጣቱን ከፍለው ሲጨርሱ ብቻ ስለነበረ፣ በ1267 ጦር ይዞ ለንደን ገብቶ፣ ሳይከፍሉ በፊት እንዲመለስላቸው ያደረገው ይኸው ሰው ነው።

ጥያቄ፦ ማግና ካርታን (የንጉሡን ሥልጣን የገደበውን ውል) ካስፈጸሙት 25 ባሮኖች አንዱ ነበር?

መልስ፦ አያቱ ነው! ማግና ካርታ የወጣው በ1215፣ ይህኛው የተወለደው በ1243። ከላይ አንብቡ እንጂ።

ጥያቄ፦ በካንተርበሪ አይሁድን አስፈጅቷል የሚባለው እውነት ነውን?

መልስ፦ እውነት ነው፤ በ1264፣ ከሊዊስ በፊት። የምከላከልለት ነገር የለኝም።

ጥያቄ፦ ስለ ዘመኑ በአጠቃላይ ቢያብራሩልን?

መልስ፦ «በአጠቃላይ» ጥያቄ አይደለም።

ጥያቄ፦ የካይርፊሊ ግንብስ?

መልስ፦ በ1268 ያስጀመረው የዌልሱን ልዑል ሊወሊንን ለመግታት ስለሆነ ከዚህ ዐመፅ ጋር አናያይዘው።