የአምላክ ትምህርታችን ከኦሪት ወይስ ከግሪክ ፍልስፍና?

ጥያቄ፦ በደብረ ማርቆስ ከተማ የሁለተኛ ደረጃ የታሪክ መምህር ነኝ። በልጅነቴ ዲማ ጊዮርጊስ ቅኔ ቆጥሬአለሁ፤ ክህነት ባይኖረኝም ከቤተ ክርስቲያን ትምህርት ርቄ አላውቅም። በቅርቡ አንድ የሥራ ባልደረባዬ «የማይለወጥ፣ የማይታመም፣ የማይወሰን እያላችሁ የምታመልኩት አምላክ የአፍላጦንና የአርስጣጣሊስ (የፕላቶና የአሪስቶትል) ነው እንጂ የአብርሃም፣ የይስሐቅና የያዕቆብ አምላክ አይደለም፤ ስለ ባሕርይና ስለ አካል የምትሉትንም ነቢያቱ አላስተማሩም» አለኝ። የኔታ በሕይወት ቢኖሩ እርሳቸውን በጠየቅሁ ነበር፤ አሁን ግን መልስ አጣሁ። ነገሩ እውነት ነውን? እውነት ከሆነስ የግሪኮቹና የአይሁድ ድርሻ በምን ይለያል? በእኛ በጎጃም ሊቃውንት ለዘመናት የተከራከሩበት የቅባት፣ ማለትም ክርስቶስ በመንፈስ ቅዱስ የመቀባቱ፣ ነገርስ ከዚህ ጋር ይገናኝ ይሆን?

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ ባልደረባዎ የተናገሩት ከባዶ የተነሣ አይደለም፤ አዲስም አይደለም። ጀርመናዊው የቤተ ክርስቲያን ታሪክ ሊቅ አዶልፍ ፎን ሐርናክ በአሥራ ዘጠነኛው መቶ ዘመን ማብቂያ ላይ፣ የቤተ ክርስቲያን ዶግማ የግሪክ መንፈስ በወንጌል መሬት ላይ የሠራው ሥራ ነው ብሎ አስተምሮ ነበር፤ ዛሬ በየመምህራኑ ማረፊያ የሚሰማው አባባል በአብዛኛው የዚያ ትምህርት ግልባጭ ነው። እኔ የሐርናክን አስተያየት ግማሹን ብቻ እቀበላለሁ። ቤተ ክርስቲያን ስለ አምላክ የምትጠይቅበትን ስልትና የምትመልስበትን ቃል ብዙውን ከግሪኮች ወስዳለች፤ ነገሩ ቁርጥ በሆነበት ቦታ ላይ የሰጠችው ፍርድ ግን የግሪኮች ፍርድ አልነበረም። (ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት፣ በግልጽ ካልተለዩ በቀር፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

አስቀድሞ ሊታይ የሚገባው፣ ግሪክና አይሁድ የምንላቸው ሁለት ወገኖች በሐዋርያት ዘመን በአጥር ተለያይተው የቆሙ አለመሆናቸው ነው። ታላቁ እስክንድር ከክርስቶስ ልደት በፊት በ332 ፍልስጥኤምን ይዞ ወደ ግብፅ ካለፈ በኋላ አይሁድ ግሪክኛ በሚነገርበት ዓለም ውስጥ ገብተዋል። በእስክንድርያ የሰፈሩት ዕብራይስጡን እየረሱ በመሄዳቸው ኦሪት በሦስተኛው ቅድመ ልደት መቶ ዘመን ወደ ግሪክኛ ተተረጎመች፤ ይህም በትውፊታችን በንጉሥ በጥሊሞስ ዘመን ሰብዓ ሊቃናት ተረጎሙት የምንለው፣ አረጋዊው ስምዖንንም ከመካከላቸው የምንቆጥርበት ሥራ ነው። በዘጸአት 24፥10 ዕብራይስጡ ሙሴና ሽማግሌዎቹ የእስራኤልን አምላክ አዩ ሲል፣ የግሪኩ ትርጉም የእስራኤል አምላክ የቆመበትን ስፍራ አዩ ብሎ አለዝቦታል። ሰው እግዚአብሔርን በዓይኑ አየ ማለትን የፈሩት እንግዲህ አይሁድ ራሳቸው ነበሩ፤ ክርስትና ገና አልተሰበከም። መጽሐፈ ጥበብም በግሪክኛ የተጻፈ የአይሁድ መጽሐፍ ነው፤ በ7፥26 ጥበብን የዘላለም ብርሃን ነጸብራቅ ሲላት፣ የዕብራውያን መልእክት በመጀመሪያው ምዕራፍ ስለ ወልድ የሚናገረው በዚያው አነጋገር ነው። የሐዋርያት ዘመን ሰው የነበረው እስክንድርያዊው አይሁዳዊ ፊሎም እግዚአብሔር ዓለምን በቃሉ እንደፈጠረ ሲያብራራ ሙሴንና አፍላጦንን ጎን ለጎን አስቀምጦ ያነብባል። በሃያኛው መቶ ዘመን ማርቲን ሄንግል የተባለው ጀርመናዊ ሊቅ የኢየሩሳሌም አይሁድ ሳይቀሩ ከክርስቶስ ልደት ብዙ ቀደም ብሎ የግሪክ ባህል እንደነካቸው በሰፊው ካሳየ በኋላ፣ ንጹሑን አይሁዳዊ አምላክ ከግሪኩ ለይቶ ለማውጣት የሚደረገው ሙከራ በእጅጉ ከብዷል።

ግሪኮቹስ ምን አመጡ? ዜኖፋኔስ የተባለው ጥንታዊ ባለቅኔ በሬዎችና ፈረሶች እጅ ቢኖራቸው አማልክቶቻቸውን በሬና ፈረስ አድርገው በሣሉ ነበር ብሎ በሕዝቡ አማልክት ቀልዷል፤ ኢሳይያስ በምዕራፍ 44 ግንዱን ግማሹን አንድዶ በቀረው ጣዖት የሚሠራውን ሰው እንደሚዘብትበት ያለ ቀልድ ነው። የቤተ ክርስቲያን አባቶች ይህን የፍልስፍና ወገን እንደ ረዳት ቢቀበሉት አያስደንቅም፤ በሁለተኛው መቶ ዘመን ሰማዕቱ ዮስጢኖስ ሶቅራጥስን የመሰሉት በቃል፣ ማለትም በእግዚአብሔር ቃል (ሎጎስ)፣ የኖሩ ናቸው እስከማለት ደርሷል። በአንጻሩ ተርቱሊያኖስ አቴና ከኢየሩሳሌም ጋር ምን አላት ብሎ ጠይቋል፤ ይህን ሲጠይቅ ግን የሚከራከረው በአቴና ትምህርት ቤቶች በተሳለ የንግግር ጥበብ ነበር። መለያየቱ የመጣው በፍጥረት ነገር ነው። በአርስጣጣሊስ ዘንድ ዓለም መጀመሪያ የላትም፤ በአፍላጦን ዘንድ ሠሪው አስቀድሞ የነበረውን ነገር ያበጃል እንጂ ካለመኖር ወደ መኖር አያመጣም። በሁለተኛው መቶ ዘመን የተነሡት የክርስቲያን መምህራን ሁለቱንም ትተው እግዚአብሔር ዓለምን ካለመኖር እንደፈጠረ አጸኑ። የትንሣኤ ሙታንም ነገር እንዲሁ ነው፤ በሐዋርያት ሥራ 17 የአቴና ሰዎች ጳውሎስ ከባለቅኔዎቻቸው ጠቅሶ ሲናገር በጸጥታ ሰምተውት ሳለ ትንሣኤን ባነሣ ጊዜ አፌዙበት።

የነገሩ ዋና ማሰሪያ ግን በ325 የተደረገው የኒቅያ ጉባኤ ይመስለኛል። አርዮስ የእስክንድርያ ቄስ ነበረ፤ ክርክሩም ከመጽሐፍ ቅዱስ የተነሣ እንጂ በግልጽ ከፍልስፍና የተቀዳ አልነበረም፤ በተለይ በምሳሌ 8፥22 ጥበብ «ፈጠረኝ» ብላ የምትናገርበትን የግሪክኛውን ንባብ ደጋግሞ ያነሣ ነበር። ከጥቅሶቹ በስተጀርባ የቆመው አምላክ ግን ከማንም ጋር የማይካፈል፣ ባሕርዩን ለሌላ የማይሰጥ፣ ከፍጥረት ጋር ያለ መካከለኛ የማይገናኝ፣ የዘመኑ ፈላስፎች በደስታ የሚቀበሉት ብቸኛ አምላክ ነበር። ሠለስቱ ምዕት ይህን ለመዝጋት ወልድ ከአብ ጋር በባሕርይ አንድ ነው የሚለውን፣ በመጻሕፍት ያልተጻፈ የግሪክ አነጋገር መረጡ፤ በቃሉ ምክንያት ያጉረመረሙት ከአርዮስ ወገን ያልሆኑ ጳጳሳት ጭምር ናቸው። ነገሩን በጥሞና ያየ ሰው የግሪክን ቃል የያዙት አባቶች አምላክ ልጁን ወደ ዓለም ላከ የሚለውን የወንጌል ታሪክ ሲጠብቁ፣ የመጽሐፍን ጥቅስ የያዘው አርዮስ ደግሞ ለፈላስፎቹ አምላክ ሲከራከር ያገኘዋል። ባልደረባዎን ከሁለቱ የትኛውን ግሪክ እንደሚሉት ቢጠይቋቸው ጨዋታው ይጣፍጣል። ይህ ክርክር ለእኛም ሩቅ አይደለም፤ ለአክሱም የመጀመሪያውን ጳጳስ አባ ሰላማን (ፍሬምናጦስን) የሾመው ያው የኒቅያ ጠበቃ አትናቴዎስ ሲሆን፣ ለአርዮሳውያን ያደላ የነበረው ንጉሠ ነገሥት ኮንስታንቲዮስ በ356 ገደማ ለኢዛናና ለወንድሙ ለሳዛና ደብዳቤ ልኮ ፍሬምናጦስ ወደ እስክንድርያ ተመልሶ በአርዮሳዊው ጳጳስ እንዲመረመር ጠይቋል። ጥያቄው ግን በአክሱም ሰሚ አላገኘም።

ባልደረባዎ በአንድ ነገር ይረቱናል ብዬ አስባለሁ፤ እርሱም አምላክ አይታመምም የሚለው ትምህርት የተነገረበት ድምፅ ነው። በዘፍጥረት 6፥6 እግዚአብሔር ሰውን በመፍጠሩ አዘነ፤ በሆሴዕ 11፥8 ደግሞ ስለ ኤፍሬም ልቡ ሲናወጥ እንሰማለን። የአርስጣጣሊስ አምላክ ስለ ማንም አያዝንም፤ ራሱን ብቻ ያስባል። አባቶች ከእነዚህ ጥቅሶች ፊት ሲቆሙ ጭንቀታቸው ከነቢያቱ ይልቅ የፈላስፎችን የሚመስልበት ጊዜ አለ፤ በሚልክያስ 3፥6 «እኔ እግዚአብሔር አልለወጥም» የተባለው በኦሪቱ ዓለም ሲነበብ ቃል ኪዳኑን የማያፈርስ ታማኝ ማለት ሆኖ ሳለ፣ በኋላ ስለ ባሕርዩ የተሰጠ ትንታኔ ሆኖ ተነበበ። ሆኖም የእስክንድርያው ቄርሎስ ይህን ሸክም ይዞ የደረሰበት ስፍራ አሪስቶትላዊ ሊሰኝ አይችልም፦ የማይታመመው ቃል በተዋሐደው ሥጋ በእውነት ታመመ አለ፤ ሕማሙን ለሌላ አካል አላስተላለፈም። ድርሰቶቹ ከሌሎች አባቶች ጽሑፎች ጋር በአክሱም ዘመን ከግሪክኛ ወደ ግዕዝ ተመልሰው ቄርሎስ በሚባለው መጽሐፍ ስለደረሱን፣ ሊቃውንቶቻችን ነገሩን ያወቁት በሌላ ወገን ትችት ሳይሆን ከምንጩ ነው። አፍላጦን ራሱ ግን ወደ እኛ የደረሰው በዐረብኛ በኩል በአንጋረ ፈላስፋ የምክር ቃላት መካከል እንደ አንድ ደግ ሽማግሌ ሆኖ ነው።

የአይሁዱም ቅርስ በብሉይ ኪዳን ብቻ አልቀረም። ሙሉ ሆኖ በግዕዝ ብቻ የቆየው መጽሐፈ ሄኖክ፣ በራእዩ ርእሰ መዋዕል የተባለውን አምላክና ከእርሱ ጋር ያለውን የሰው ልጅ ያሳያል። በ1947 በጀመረው የቁምራን ግኝት የመጽሐፉ የአረማይክ ቁርጥራጮች ተገኝተዋል፤ ምንም እንኳ የሰው ልጅ የሚነሣበት ክፍል በመካከላቸው ባይኖርም፣ የመጽሐፉ ሥር አይሁዳዊ መሆኑ ከዚያ ወዲህ አያከራክርም።

የቅባትን ነገር በተመለከተ ጥርጣሬዎ ትክክል ነው። መቀባት ከአሮን፣ ከሳኦልና ከዳዊት የመጣ፣ ለግሪክ ፈላስፋ ትርጉም የማይሰጥ የኦሪት ሥርዓት ነው፤ የሐዋርያት ሥራ 10፥38 «እግዚአብሔር የናዝሬቱን ኢየሱስን በመንፈስ ቅዱስ በኃይልም ቀባው» ሲል የሚናገረው በዚያ ቋንቋ ነው። በአሥራ ሰባተኛው መቶ ዘመን ከኢየሱሳውያን (ከካቶሊካውያኑ የጀስዊት ሚሲዮናውያን) ጋር በተደረገው ሙግት መካከል ይህ ጥቅስ ሲነሣና ከ1632 በኋላ፣ ፋሲለደስ ከነገሡ ወዲህ፣ ክርክሩ በአገር ልጆች መካከል ሲሰፋ፣ በጥቅሱ ላይ የቀረበው ጥያቄ ከኒቅያና ከእስክንድርያ የተወረሰው የባሕርይ ጥያቄ ነበር፦ ሥጋ የባሕርይ ልጅነትን ያገኘው በምንድን ነው? በጎጃም ብዙ ገዳማት የጸናው ወገን በመንፈስ ቅዱስ ቅባትነት ነው ሲል፣ ተዋሕዶዎቹ ተዋሕዶው ራሱ ስለበቃ ወልድ ቅብዕ፣ ማለትም ወልድ ራሱ ቅባት፣ ነው አሉ፤ ሦስተኛው ወገን ደግሞ ቅባቱን ወደ ጸጋ ልደት፣ ማለትም ወደ ሦስተኛ ልደት፣ ወሰደው። አንዱም ወገን የኦሪቱን ዘይት ወይም የባሕርይን ጥያቄ አልጣለም፤ ልዩነታቸው በሁለቱ መጋጠሚያ ላይ ነበር። ዐፄ ዮሐንስ አራተኛ በ1870 ዓ.ም. በኢትዮጵያ አቆጣጠር በቦሩ ሜዳ የሰበሰቡት ጉባኤ ሁለት ልደትን (ከአብ ያለ እናት፣ ከድንግል ማርያም ያለ አባት የተወለደውን) አጽንቶ ክርክሩን በዐዋጅ ዘጋው፤ በምሥራቅ ጎጃም አንዳንድ አካባቢዎች ግን የቅባት ትምህርት ከዚያ በኋላም ጨርሶ አልጠፋም።