4,294,967,297 ብቸኛ ቁጥር ነው ወይ?

አይደለም ወንድሜ። ለ2፣ ለ3፣ ለ5፣ ለ7 አልካፈል ስላለህ ብቻ ብቸኛ (ፕራይም፣ ማለትም ከ1 እና ከራሱ በቀር አካፋይ የሌለው) ነው ብለህ አትደምድም። ቁጥሩ 2³²+1 ነው፤ የሒሳብ ሊቁ ፌርማ ራሱ ብቸኛ ይመስለው ነበር። ሌላው የሒሳብ ሊቅ ኦይለር ነው እ.ኤ.አ. በ1732 ያፈረሰበት፦ 641 × 6,700,417። ሁለቱም ብቸኛ ስለሆኑ ከዚህ በላይ አይበተንም።

እስከ 65,536 (የቁጥሩ ካሬ ሥር ግድም) ያሉትን ሁሉ በእጅ መሞከርም አያስፈልግም። የዚህ ቁጥር አካፋይ ለ64 ሲካፈል የግድ 1 ይተርፈዋል። ስለዚህ እንዲህ ያሉትን ብቸኛ ቁጥሮች ብቻ ብትሞክር ተራው 193፣ 257፣ 449፣ 577፣ ከዚያ 641 ነው፤ አምስተኛው ላይ ተያዘ!

ደስ የሚለው ግን ማካፈል እንኳ ሳያስፈልግ መታየቱ ነው። 641 = 5×2⁷+1፣ ደግሞም 641 = 5⁴+2⁴። ከመጀመሪያው፣ 5×2⁷ ለ641 ሲካፈል ቀሪው −1 ነው (1 ይጎድለዋል)፤ አራት ጊዜ በራሱ ስታባዛው 5⁴×2²⁸ ቀሪው 1 ይሆናል። ከሁለተኛው ደግሞ 5⁴ እና −2⁴ ለ641 ሲካፈሉ ቀሪያቸው አንድ ዓይነት ስለሆነ፣ አሁን 5⁴ን በ−2⁴ ተካው፦ −2³² ቀሪው 1 ነው፣ ማለትም 2³²+1 ለ641 ያለ ቀሪ ይካፈላል።