ሥራ ያጣ ባል፣ የተዘጋ ቤት፦ ኃጢአት ነው ወይስ ሕመም?

ጥያቄ፦ ባለቤቴ ሥራ ካጣ ስድስት ወር ሆነው። ሌሊት አይተኛም፣ ቀን ከአልጋ አይነሣም፤ ጸሎትም ቤተ ክርስቲያንም ትቷል። «ሊሠራ የማይወድ አይብላ» ብዬ ብገሥጸው ጭራሽ ዘጋኝ። እኔንም ሆድ እየባሰኝ ነው። ስንፍና ነው? ሐኪም ጋ ብወስደው እምነቴን ይነካል?

መልስ፦ እኅታችን፣ 2ኛ ተሰሎንቄ 3፥10 የሚገሥጸው መሥራት የማይወደውን እንጂ ፈልጎ ያጣውን አይደለም። ለባለቤትሽ ይህን መጥቀስ ራሱን የሚከስስበትን ነገር ማቀበል ነው።

የነገርሽን የድባቴ ምልክቶች ናቸው። ሐኪሞች ድባቴ የሚሉት ሐዘኑ ወይም ለነገር ሁሉ ፍላጎት ማጣቱ ቢያንስ 2 ሳምንት፣ በየቀኑ ለማለት ይቻላል፣ ሲዘልቅና እንቅልፍ መዛባት፣ ድካም፣ ራስን መውቀስ፣ ሞትን መመኘት የመሳሰሉት ሲጨመሩበት ነው። ፍላጎት የሞተበት ሰው ጸሎትም ይከብደዋል፤ ስለዚህ ጸሎት መተዉን ብቻ አይቶ «ካደ» ማለት አይገባም። ኤልያስ ከክትክታው ዛፍ ሥር ሞትን ሲለምን መልአኩ አልገሠጸውም። እንጎቻና ውኃ ሰጠው፣ ተኛ፣ ዳግመኛ አበላው፤ «በዚህ ምን ታደርጋለህ?» የተባለው ኮሬብ ከደረሰ በኋላ ነው (1ኛ ነገሥት 19)። ቅደም ተከተሉን ልብ በይ።

ሥራ ደመወዝ ብቻ አይደለም፤ ቀኑን ይከፋፍላል፣ ከሰው ያገናኛል። እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ መጀመሪያ በኦስትሪያዋ ማሪየንታል ፋብሪካው ተዘግቶ መንደሩ ሥራ ሲፈታ፣ ሰዎቹ ጊዜ ተርፏቸው ሳለ ከቤተ መጻሕፍት የሚዋሱት መጽሐፍ ቀነሰ፤ የወንዶቹም እርምጃ ዘገመ። ቤት ውስጥ ደግሞ ነገሩ የሚጋባው በአብዛኛው በገንዘብ በኩል ነው፦ ወጪው ይጠብባል፣ ንግግሩ ይመርራል፣ ሚስትም ትዝላለች፣ የዛለች ሚስት ማበረታታቱ ይከብዳታል፣ እርሱም ይብሱን ይሰምጣል።

ስለዚህ የገንዘብ ወሬ በሳምንት አንድ ቀን፣ ግማሽ ሰዓት፣ በወረቀት ላይ ይሁን፤ በመኝታ ሰዓት ፈጽሞ አይነሣ። የመነሻ ሰዓቱ አንድ ይሁን፤ ጠዋት ከቤት ይውጣ፣ ጥቂት ይራመድ። ሥራ ፍለጋውን ለሁለት ሦስት ሰዓት ወስኑት፤ ቀኑን ሙሉ ሲሆን እያንዳንዱ «አልተቀበልንህም» ቀኑን ይውጠዋል። ልጆች ካላችሁ እውነቱን ባጭሩ ንገሯቸው፤ ዝም ሲባሉ ጥፋቱን ወደ ራሳቸው ይወስዱታል። ጸሎቱም አብራችሁ የምትደግሙት አንድ አቡነ ዘበሰማያት ይበቃል፤ በጸሎት ስም እርሱን መስበክ ግን ይቅር። ምግብ እንቢ ካለው የጾሙን ነገር ከንስሐ አባታችሁ ጋር ተመካከሩ።

ሐኪምን በተመለከተ ሲራክ 38 መልሶታል፦ መድኃኒትን ከምድር የፈጠረ እግዚአብሔር ነው። ብዙዎች የሚሳሳቱት እዚህ ነው፦ ጸበል ሲጀምሩ ክኒኑን ያቋርጣሉ፣ ወይም በሳምንቱ «አልረዳኝም» ብለው ይተዉታል። የድባቴ መድኃኒት ለውጡ መታየት የሚጀምረው ባብዛኛው ከ2 እስከ 4 ሳምንት ውስጥ ነው፤ ሙሉ ለሙሉ ሲሠራም ከዚያ ይዘገያል። በድንገት ማቆም ይጎዳል፤ ሐኪሙ ራሱ ቀስ በቀስ ይቀንሰው። ጸበሉና ክኒኑ አይጣሉም።

«መሞት ታስባለህ?» ብለሽ በግልጽ ጠይቂው፤ መጠየቅ ሐሳቡን አያመጣበትም። አዎ ካለ ብቻውን አትተዪው፣ መርዝና የተከማቸ መድኃኒት ከቤት አውጪ፣ በዚያው ቀን ሆስፒታል ውሰጂው። አንቺም ሁለት ሳምንት የዘለቀ የሆድ መባስ ካለብሽ አብረሽው ተመርመሪ።