"ለበጎ ነው" በዪ አልልሽም

እህቴ፣ ከጎጃም ቢቸና የጻፍሽልኝን ሁለት ሦስቴ አነበብኩት። ባለቤትሽ በኩላሊት ካረፈ 2 ዓመቱ ነው፣ በሞጣ በኩል ባሕር ዳር ድረስ ለእጥበት እያመላለስሽ ያስታመምሽው አንቺ ነሽ፣ አማትሽ ግን "ቶሎ ብትወስጂው ልጄ ይተርፍ ነበር" ካሉሽ ወዲህ አንድ ቤት ውስጥ ተኳርፋችኋል፣ ጎረቤቱ ደሞ ለበጎ ነው ይልሻል። "የዚህ ሁሉ ስቃይ ትርጉሙ ምንድነው" ብለሽ ጠየቅሽኝ።

ለበጎ ነው ብለሽ እንድታምኚ ማንም ሊጫንሽ አይገባም። ቪክቶር ፍራንክል የሚባል የቪየና የአእምሮ ሐኪም ነበር፣ ናዚዎች በ1942 እ.ኤ.አ. ወስደውት እስከ 1945 ከካምፕ ካምፕ ሲያንከራትቱት አባቱ፣ እናቱ፣ ወንድሙና ሚስቱ አለቁበት። እሱ እንኳ ስቃይ ጥሩ ነው አላለም፣ ማስቀረት የሚቻለውን ስቃይ አስቀሩት ነው ያለው። የማይቀረው ሲመጣ ግን "ለምን መጣብኝ" መልስ ባይኖረውም "አሁን ከኔ ምን ይጠበቃል" የሚለው መልስ አያጣም።

ደሞ እንደዋዛ ያለፍሽው መስመር አለ፣ "በሽተኛ ያለበት ሁሉ እኔ ጋ ይመጣል፣ ለምን እንደሆነ እንጃ" ያልሽው። እኔን ገብቶኛል። መኪናው ስንት ሰዓት እንደሚገኝ፣ የት እንደሚታደር፣ ውሀ ቀንስ የተባለ ሰው ሲጠማው እንዴት እንደሚያባብሉት አንቺ ታውቂያለሽ፣ ያን ደሞ የተማርሽው እሱን ስታስታምሚ ነው። ሀዘንሽን አያጠፋውም፣ ማታ ማታ ማልቀስሽም አይቀር ይሆናል፣ ግን ያ ሁሉ መንከራተት ዛሬ ለሌላ ሰው መንገድ እያሳየ ነው።

አማትሽ ልጅ ነው የቀበሩት። ጥፋተኛ ሲገኝ ሀዘን የሚቀል ይመስላል፣ ለዛ ይመስለኛል አንቺ ላይ የዞሩት፣ ቃሉ ግን ልክ አይደለም፣ ዝም ብለሽም አትዋጪው። ንስሐ አባታችሁ ባሉበት ሐኪሙ መጀመሪያ ምን እንዳለ፣ መቼ እንደሄዳችሁ፣ ምን እንደተደረገለት አንድ ሳታስቀሪ ንገሪያቸው፣ ምናልባት እስከዛሬ ቁጭ ብሎ ያስረዳቸው የለም። ሌላ ቀን ቡና ስታፈዪ ደሞ ለልጆቹ አባታቸው ልጅ ሳለ እንዴት እንደነበር ያጫውቷቸው፣ ያንን ከሳቸው በቀር የሚያውቅ የለም።

"ብሞት ይሻላል" የሚል ሀሳብ ከተመላለሰብሽ ግን ይሄን ሁሉ ተዪውና ዛሬውኑ ሆስፒታል ሂጂ፣ ብቻሽን ሳይሆን እህትሽን ይዘሽ። ከአማትሽ ጋ የተነጋገራችሁትን ደሞ ጻፊልኝ፣ እጠብቃለሁ።