ሳሉ የሲጋራ ነው የናፍጣ?

ጥያቄ፦ ዶክተር፣ ከመገናኛ ፒያሳ በሚሠራ ሚኒባስ ላይ ረዳት ነኝ። 38 ዓመቴ ነው። በቀን ግማሽ ፓኮ አጨሳለሁ። ከወር በላይ ሆነኝ፣ ጠዋት ጠዋት አክታ ያለው ሳል ያጣድፈኛል። ጓደኞቼ «የመኪና ጭስ ነው» ይሉኛል። እውነት ነው?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ጓደኞችህ ሲጋራውን በነፃ አሰናብተውታል! የአየር ቧንቧችን ውስጥ አቧራና አክታን ጠርገው የሚያወጡ ጥቃቅን ፀጉር መሰል ነገሮች አሉ። ሲጋራ ያሽመደምዳቸዋል። በር ላይ ቆመህ የምትስበው የናፍጣ ጥላሸት ታዲያ ጠራጊ ያጣል። ጭሱን ብቻህን አታስቆመውም፤ ሲጋራውን ግን ትችላለህ። ስታቆም ሳሉ ለጊዜው ሊብስ ይችላል፣ አትደንግጥ። ደግሞ ሁለት ሳምንት ያለፈው ሳል የቲቢ ምርመራ ይፈልጋል። ነገ ዛሬ ሳትል ጤና ጣቢያ ሄደህ አክታህን አስመርምር።