የድሮ ሲኤንሲ ፍሬዛ፦ ኮንትሮለር ከመግዛትህ በፊት ሞተሩን እይ

ከቃሊቲ የጻፍክልኝ ወንድሜ፣ ማሽንህ ብሪጅፖርት ኢንተራክት የሚባል ሲኤንሲ፣ ማለትም በኮምፒውተር የሚታዘዝ ፍሬዛ ነው። ፕላስቲክ የሚቀረጽበት የብረት ሞልድ ትሠራበታለህ። ኮንትሮለሩ፣ ማለትም ማሽኑን የሚያዘው አንጎል፣ ሃይደንሃይን ቲኤንሲ 151 ሲሆን ስክሪኑ አንዳንዴ ይጨልማል፣ አንዳንዴ ደግሞ ምንም እንዳልተፈጠረ ይበራል። አንድ ነጋዴ «ይሄ አልቆለታል፣ በፐልስ የሚሠራ አዲስ ልግጠምልህ» ብሎሃል። ፐልስ ሞተሩን በትንንሽ እርምጃ የሚያስኬድ የኤሌክትሪክ ምት ነው። የእህትህ ልጅ ደግሞ «ኮምፒውተር ገዝተን ማክ 3 እንጫንበት» ይላል። ማክ 3 ኮምፒውተሩን ኮንትሮለር የሚያደርግ ሶፍትዌር ነው፣ እሱም የሚያዘው በፐልስ ነው። የቱ ይሻላል ብለህ ነው የጠየቅከኝ።

ለጊዜው ሁለቱንም ተዋቸው። ኮንትሮለር በስክሪኑ ማማር ወይም በዋጋው አይመረጥም። የሚመርጡልህ ማሽኑ ላይ ያሉት ሞተር፣ ድራይቭ (ትእዛዙን ተቀብሎ ለሞተሩ ኃይል የሚሰጠው) እና ኢንኮደር (አክሱ የት እንደደረሰ የሚቆጥረው) ናቸው።

ከዚያም በፊት የሞተው በእርግጥ ኮንትሮለሩ ነው ወይ? የጨለመ ስክሪን ሁሉ የሞተ ኮንትሮለር ማለት አይደለም። የዚያ ዘመን ስክሪን እንደ ድሮ ቴሌቪዥን ቱቦ ያለው ነው፣ በዕድሜ ብቻ ይደክማል። በእሱ ቦታ የሚገባ ጠፍጣፋ ስክሪን ለብቻው ይሸጣል። ስክሪኑ በጨለመበት ሰዓት አክሶቹን በቁልፍ አንቀሳቅሳቸው። ከታዘዙ ኮንትሮለሩ እያሰበ ነው፣ ችግሩ ስክሪኑ ወይም ኬብሉ ነው። ካልታዘዙ የፓወር ሰፕላዩን 5 ቮልትና 24 ቮልት በቴስተር ለካ። ካቢኔቱን ከፍተህ አቧራውን አጽዳ፣ የማቀዝቀዣውን ፋን እይ፣ ካርዶቹን በጥንቃቄ ነቅለህ መልሰህ ሰካ። ጽዳቱንና ካርድ መንቀሉን የምታደርገው መብራቱን አጥፍተህ ነው።

አንድ ነገር ግን ዛሬውኑ አድርግ። ስክሪኑ በበራ ሰዓት የማሽን ፓራሜትሮቹን ገጽ በገጽ በስልክህ ፎቶ አንሳ። ፓራሜትሮቹን በማስታወሻው ይዘው ያቆዩት ትንንሽ ባትሪዎች ናቸው። ባትሪው ካለቀና መብራት ከጠፋ ሁሉም ይሰረዛል፣ ማሽኑም የራሱን ማንነት ይረሳል። ባትሪ ስትቀይር ማሽኑ መብራት ላይ እንዳለ ይሁን። አጥፍተህ ከቀየርክ ፓራሜትሩ አብሮ ይሄዳል። አዲስ ኮንትሮለር ብትገጥም እንኳ እነዚህ ቁጥሮች ያስፈልጉሃል፤ የአክስ ፍጥነት፣ የጉዞ ልክና የአቅጣጫ ምልክት ያለው እዚያ ነው።

አሁን ወደ ሞተሩ። የዚህ ማሽን ሰርቮዎች፣ ማለትም አክሶቹን የሚነዱት፣ የዲሲ ሞተሮች ናቸው። ኮንትሮለሩ ለድራይቩ የሚልከው ከ -10 እስከ +10 ቮልት ያለ ትእዛዝ ነው፤ ቮልቱ ሲጨምር ሞተሩ ይፈጥናል፣ ምልክቱ ሲገለበጥ ወደ ኋላ ይዞራል። ስለዚህ ሞተርና ድራይቭ ደህና መሆናቸውን ያለ ኮንትሮለር መፈተን ይቻላል። ከኤክስ አክስ ጀምር። መጀመሪያ ቤልቱን ወይም ኮፕሊንጉን ፍታ፣ ሞተሩ ጠረጴዛውን እንዳይጎትት። ከኮንትሮለሩ የሚመጣውን የትእዛዝ ገመድ ከድራይቩ ንቀል። ድራይቩ እንዲነሳ ኢኔብሉን (የመነሻ ፈቃድ ምልክቱን) ስጠውና በትእዛዙ ቦታ አንድ ተራ የ1.5 ቮልት ባትሪ አገናኝ። ሞተሩ በዝግታና ያለ መንቀጥቀጥ መዞር አለበት። ባትሪውን ስትገለብጠው ወደ ሌላው አቅጣጫ ይዞራል። እየተንቀጠቀጠ ከሄደ ካርቦኑን አውጥተህ እይ፣ የሞተሩን ፍጥነት ለድራይቩ የሚነግረውን የታኮውንም ገመድ ፈትሽ። በሙሉ ፍጥነት ካመለጠ ታኮው ተቋርጧል ወይም ገመዱ ተገልብጧል ማለት ነው፣ ቶሎ አጥፋ። ዜድ አክስ ላይ ከመንካትህ በፊት ጭንቅላቱን በእንጨት ደግፈው። ፍሬኑን አምነህ እጅህን ከስሩ እንዳታስገባ፣ አደራ።

ሦስቱም አክሶች ይህን ፈተና ካለፉ ጤነኛ ድራይቭና ሞተር አለህ። ነጋዴው የሚልህ የፐልስ ኮንትሮለር ግን ከእነዚህ ድራይቮች ጋር አይነጋገርም። ስለዚህ «ዋጋው ሞተርና ድራይቭን ይጨምራል ወይ?» ብለህ ጠይቀው። ካልጨመረ ርካሽ ያለው ነገር ርካሽ አይደለም።

ማክ 3ንም በቁጥር እንየው። ቦል ስክሩህ፣ ማለትም እየዞረ ጠረጴዛውን የሚገፋው ብሎን፣ በአንድ ዙር 5 ሚሊሜትር ይሄዳል እንበል። ኢንኮደሩ 2500 መስመር ካለውና በአራት ከተባዛ በአንድ ዙር 10,000 ቆጠራ ነው። አንዱ ቆጠራ ግማሽ ማይክሮን መሆኑ ነው። ለአንድ ቆጠራ አንድ ፐልስ ከሆነ፣ በደቂቃ 5 ሜትር ለመሮጥ በሰከንድ 166,000 ገደማ ፐልስ ያስፈልጋል። ማክ 3 በፕሪንተር ፖርት ሲሠራ የተለመደው ፍጥነቱ በሰከንድ 25,000 ፐልስ ነው። ያ በደቂቃ 750 ሚሊሜትር ብቻ ይሆናል። ድራይቩ ፐልሱን እንዲያባዛ ማድረግ ይቻላል፣ ግን ያባዛኸውን ያህል ጥራት ታጣለህ። የፕሪንተር ፖርቱ ድራይቨር ደግሞ በ64 ቢት ዊንዶውስ ላይ አይሠራም። ከሁሉ በላይ ማክ 3 ኢንኮደሩን እያነበበ ቦታውን አያርምም። ለእንጨትና ለፕላስቲክ መቅረጫ ጥሩ ነው። ለአንተ የሞልድ ብረት ግን አልመክረውም።

እኔ በአንተ ቦታ ብሆን፣ ሞተሩ ደህና ከሆነ፣ አናሎግ ትእዛዝ የሚሰጥና ኢንኮደር የሚያነብ ኮንትሮለር እፈልግ ነበር። አንዱ መንገድ ሊነክስ ሲኤንሲ የሚባለው ሶፍትዌር ከሜሳ 7አይ77 ካርድ ጋር ነው። ካርዱ እስከ 6 አክስ ድረስ ያንን የ10 ቮልት ትእዛዝ ያወጣል፣ ኢንኮደርም ያነባል። ሶፍትዌሩ ነጻ ነው። ነጻ መሆኑ ግን ሥራ የለውም ማለት አይደለም። ፋይሎቹን ከፍቶ የሚያስተካክል፣ እንግሊዝኛ መመሪያ አንብቦ የሚገባው ትዕግሥተኛ ሰው ያስፈልጋል። የእህትህ ልጅ ኮምፒውተር ከወደደ ይህን ቢማር ይሻለዋል።

ከመግዛትህ በፊት የኢንኮደሩን ሰሌዳ አንብብ። የዚያ ዘመን ሃይደንሃይን ብዙ ጊዜ የሚያወጣው 11 ማይክሮ አምፔር የሚሆን ደካማ ሳይን ሞገድ ነው። የዛሬ ካርዶች አብዛኞቹ የሚፈልጉት ቲቲኤል የሚባለውን ባለ 5 ቮልት ምልክት ነው። በመካከል ኢኤክስኢ የሚባል መቀየሪያ ሳጥን ይገባል፣ ወይም ኢንኮደሩ ይቀየራል። ብዙ ሰው ገንዘቡን ከፍሎ የሚደነግጠው እዚህ ላይ ነው።

ድራይቮቹም ከሞቱ ግን አትጠጋግን። ኮንትሮለር፣ ድራይቭና ኤሲ ሰርቮ ከአንድ አምራች ሙሉ ጥቅል ግዛ፤ የቻይናው ጂኤስኬ ወይም የሲመንስ 808ዲ ዓይነት። ሞተሩን በኪሎዋት አትምረጥ፣ ቶርኩን (የመጠምዘዝ ጉልበቱን) ከድሮው ሰሌዳ ጋር አስተያይ። አዲሱ ሞተር ፍላንጁና የዘንጉ ውፍረት ስለሚለይ የቶርኖ ሥራም ይኖረዋል፣ ሒሳቡ ውስጥ አስገባው። የማስተካከያ ሥራውን አዲስ አበባ ውስጥ ማን እንደሚሠራልህ ስሙን ሳታውቅ ቅድሚያ አትክፈል።

ከሁለቱም በፊት ዲያል ጌጅ ጠረጴዛው ላይ አስደግፍና የእያንዳንዱን አክስ ክፍተት፣ ማለትም አቅጣጫ ሲቀየር በከንቱ የሚሄደውን ልቅ ጉዞ፣ ለካ። ቦል ስክሩ ካለቀ ገንዘብህን መጀመሪያ እዚያ ላይ አውጣ። ኮንትሮለሩ ክፍተቱን በቁጥር ያካክሳል እንጂ የላላ ስክሩ ላይ ቢላው ሲንቀጠቀጥ አያስቆመውም፣ ሞልዱም ላይ ይታያል።

የድሮ ፕሮግራሞችህ የሃይደንሃይን ቋንቋ ስለሆኑ አዲሱ ኮንትሮለር አያነባቸውም። ኮምፒውተር ላይ ፕሮግራም ለምታወጣበት ካም ሶፍትዌር አዲስ ፖስት ፕሮሰሰር፣ ማለትም ፕሮግራሙን ወደ አዲሱ ኮንትሮለር ቋንቋ የሚቀይር ፋይል፣ ጠይቅ። መብራት ስለሚጠፋም ኮንትሮለሩን ብቻ በዩፒኤስ ያዝ። ኢመርጀንሲ ማቆሚያው በሶፍትዌር በኩል ሳይሆን በቀጥታ ኮንታክተሩን (ለድራይቮቹ ኃይል የሚያስተላልፈውን ማብሪያ) እንዲቆርጥ አድርግ፤ መብራት ሲመለስም ድራይቮቹ በራሳቸው እንዳይነሱ።

አዲሱን ለመጀመሪያ ጊዜ ስታስነሳ ቤልቶቹ ተፈተው ይቆዩ። ዘንጉን በእጅህ አዙረህ በስክሪኑ ላይ ያለው ቁጥር በትክክለኛው አቅጣጫ መሄዱን እይ። ከዚያ በታዘዘውና በተደረሰው ቦታ መካከል የሚፈቀደውን ልዩነት አንድ ሚሊሜትር ያህል አድርገህ ትንሽ ትእዛዝ ስጠው። ምልክቱ ተገልብጦ ከሆነ ሞተሩ ሊያመልጥ ሲል ኮንትሮለሩ ራሱ ያቆመዋል። ሁለቱን የትእዛዝ ገመዶች አቀያይረህ እንደገና ሞክር፣ ቤልቱን የምታስረው ከዚያ በኋላ ነው።