ኡቡንቱ ሲጫን መሃል ላይ ቀጥ የሚለው ቨርቹዋል ማሽን

ጥያቄ፦ የኮምፒውተር ሳይንስ ተማሪ ነኝ። ለትምህርቴ ኡቡንቱ 22.04 የተባለውን የሊኑክስ ስርዓተ ክወና በቨርቹዋልቦክስ 7.0 (በኮምፒውተር ውስጥ ሌላ ኮምፒውተር፣ ማለትም ቨርቹዋል ማሽን፣ በሚፈጥረው ፕሮግራም) ላይ ለመጫን ደጋግሜ ብሞክርም፣ ፋይሎቹን መቅዳት ከጀመረ በኋላ ማሽኑ ቀጥ ይላል፤ የማውሱ ቀስት እንኳ አይንቀሳቀስም። ላፕቶፔ ዊንዶውስ 11 የተጫነበትና 8 ጊጋባይት ራም ያለው ነው። ለቨርቹዋል ማሽኑ 6 ጊጋባይት ራም፣ 1 ፕሮሰሰርና 20 ጊጋባይት ዲስክ ሰጥቼዋለሁ። ሌሊቱን ሙሉ ትቼው ባድርም ጠዋት ያገኘሁት እዚያው ላይ ነው። ከመስኮቱ ግርጌ አንዲት ትንሽ አረንጓዴ ኤሊ ትታየኛለች፤ ምን ማለት እንደሆነች ግን አላወቅሁም። ጓደኞቼ ዊንዶውሱን ፎርማት አድርገህ እንደ አዲስ ጫን ይሉኛል። እናንተስ ምን ትመክሩኛላችሁ? (ከሐዋሳ)

መልስ፦ ዊንዶውስዎን ፎርማት ለማድረግ አይቸኩሉ። ከጻፉልን እንደምንረዳው የተበላሸ ነገር የለም፤ ችግሩ ያለው ለቨርቹዋል ማሽኑ በሰጡት ድርሻና ማሽኑ ከዊንዶውሱ ጋር በሚሻማበት ነገር ላይ ነው። እንደ ዋዛ የጠቀሷት ኤሊም ከሁሉ የበለጠ ፍንጭ የምትሰጠው እርሷ ናት። ይሁን እንጂ ወደ እርሷ ከመሄዳችን በፊት ማሽኑ በእርግጥ ደርቆ እንደሆነ ወይም ተንቀራፎ እየሠራ እንደሆነ መለየት ይገባል፤ የሁለቱ መድኃኒት አንድ አይደለምና።

ቀጥ ባለበት ሰዓት ከመስኮቱ ግርጌ በስተቀኝ የተደረደሩትን ትንንሽ ምልክቶች ይመልከቱ። የሃርድ ዲስኩ ምልክት ብልጭ ድርግም የሚል ከሆነ ማሽኑ እያነበበ ወይም እየጻፈ ስለሆነ ይታገሡት። ምልክቱ ጸጥ ካለ ደግሞ በቀኝ በኩል ያለውን የኮንትሮል ቁልፍ ተጭነው ይዘው ኤፍ 3ን ይንኩ። ጽሑፍ ብቻ ያለበት ጥቁር ገጽ ብቅ ካለ የደረቀው የሚታየው ገጽታ እንጂ ኡቡንቱ ራሱ አይደለም። ምንም ካልመጣና በዊንዶውሱ ታስክ ማናጀር ላይ የቨርቹዋልቦክስ የፕሮሰሰር አጠቃቀም ወይ ዜሮ አጠገብ ተኝቶ ወይ ጣሪያ ነክቶ ሳይወርድ ከቆየ፣ ያን ጊዜ በእርግጥ ደርቋል ማለት ይቻላል። ሌሊቱን ትተውት ማደርዎ ግን ብዙም ማስረጃ አይሆንም፤ ላፕቶፕ ሳይነካ ሲቆይ ራሱ እንቅልፍ ሁነታ ውስጥ ስለሚገባ በውስጡ ያለው ማሽንም አብሮት ይቆማል። በሚቀጥለው ሙከራዎ ቻርጀሩን ሰክተው፣ ከዊንዶውሱ የኃይል ቅንብር ላይ እንቅልፉን አጥፍተው ይጀምሩ።

አሁን ወደ ኤሊዋ እንመለስ። ቨርቹዋልቦክስ በሙሉ ጉልበቱ የሚሠራው በኢንቴል ፕሮሰሰር ላይ ቪቲ-ኤክስ፣ በኤኤምዲ ላይ ደግሞ ኤኤምዲ-ቪ የሚባለውን፣ ቨርቹዋል ማሽን ለማሠራት የሚያግዘውን የፕሮሰሰር አቅም ራሱ በቀጥታ ሲይዘው ነው። ዊንዶውስ ውስጥ ግን ይህንኑ አቅም የሚፈልግ ሃይፐር-ቪ የተባለ የማይክሮሶፍት ሥርዓት አለ፤ እርሱ ቀድሞ ከያዘው ቨርቹዋልቦክስ የሃይፐር-ቪን ፈቃድ እየጠየቀ፣ በተዘዋዋሪ መንገድ ለመሥራት ይገደዳል። ይህ መንገድ የተከፈተው እ.ኤ.አ. በ2018 በወጣው ቨርቹዋልቦክስ 6.0 ሲሆን፣ ከዚያ በፊት ማሽኑ የስህተት መልእክት አሳይቶ ከነጭራሹ አልነሣም ይል ነበር። በእኛ አስተያየት ለጀማሪ የቀድሞው ይሻል ነበር፤ ግልጽ እምቢታ ምክንያቱን እንድንፈልግ ያደርገናል፣ የአሁኑ ግን ተነሥቶ፣ መጫን ጀምሮ፣ ሰው ተስፋ ካደረገ በኋላ መሃል ላይ ይከዳል። አረንጓዴዋ ኤሊ የምትታየው ማሽኑ በዚህ በተዘዋዋሪ መንገድ በሚሄድበት ጊዜ ነው።

ሃይፐር-ቪን እኔ አላበራሁም ይሉ ይሆናል። ብዙዎች እንደርስዎ ናቸው፤ ሳያውቁት የሚበራበት መንገድ ስላለ ነው። በዊንዶውስ 11 ላይ ሜሞሪ ኢንተግሪቲ የተባለው የጥበቃ ዘዴ በብዙ ላፕቶፖች ላይ ከመነሻው የበራ ሲሆን፣ የሚሠራውም በዚሁ በሃይፐር-ቪ ላይ ተመሥርቶ ነው። ዶከር (ፕሮግራሞችን ለብቻቸው ከልሎ የሚያሠራ መሣሪያ) ወይም ሊኑክስን በዊንዶውስ ውስጥ የሚያሠራው የዊንዶውስ ንዑስ ሥርዓት ለሊኑክስ (ደብልዩኤስኤል) ሁለተኛው ትውልድ ተጭኖ ከሆነም ውጤቱ ያው ነው። ለማጥፋት ወደ ዊንዶውስ ሴኩሪቲ ገብተው፣ ዲቫይስ ሴኩሪቲ በሚለው ሥር ኮር አይሶሌሽንን ከፍተው ሜሞሪ ኢንተግሪቲን ያጥፉ። ቀጥለውም የዊንዶውስ ፊቸሮች ዝርዝር ውስጥ ከሃይፐር-ቪ፣ ከቨርቹዋል ማሽን ፕላትፎርምና ከዊንዶውስ ሃይፐርቫይዘር ፕላትፎርም ፊት ያለውን ምልክት ያንሡ። ከዚያ በኋላ ኮምፒውተሩን ዘግቶ መክፈት ሳይሆን ሪስታርት ማድረግ ያስፈልጋል፤ ዊንዶውስ ቶሎ ለመነሣት ሲል በሚዘጋበት ጊዜ የውስጡን ሁኔታ አስቀምጦ ስለሚያቆይ፣ ዘግቶ መክፈት ለውጡን ላያስገባው ይችላል። ኤሊዋ ጠፍታ በምትኩ ሰማያዊ የፕሮሰሰር ምልክት ከታየ ተሳክቷል።

እዚህ ላይ አንድ ማስጠንቀቂያ አለን። ሜሞሪ ኢንተግሪቲ ዊንዶውስን ከተንኮለኛ ድራይቨሮች የሚከላከል ጠቃሚ ነገር ነው፤ ስለዚህ የቨርቹዋል ማሽን ሥራዎን ሲጨርሱ መልሰው ያብሩት። ትምህርቱ የሚጠይቀው የሊኑክስን ትእዛዞች መለማመድ ብቻ ከሆነ ደግሞ ከነአካቴው ቨርቹዋልቦክስን ትተው በዊንዶውስ ንዑስ ሥርዓት ለሊኑክስ ቢጠቀሙ፣ በ8 ጊጋባይት ላፕቶፕ ላይ ሸክሙ ይቀልልዎታል።

ሁለተኛው ትልቅ ችግር የራሙ አከፋፈል ነው። ከ8 ጊጋባይት ላይ 6ቱን ለቨርቹዋል ማሽኑ መስጠት ቤቱን ለእንግዳ ለቆ ባለቤቱ ደጅ እንደ ማደር ነው። ለዊንዶውስ 11 የቀረው 2 ጊጋባይት ስለማይበቃው የያዘውን ወደ ዲስክ መገልበጥ ይጀምራል፤ ቨርቹዋል ማሽኑም የሚጽፈው በዚያው ዲስክ ላይ ስለሆነ ሁለቱም እየተጠባበቁ ይቆማሉ። ለኡቡንቱ 22.04 የሚመከረው 4 ጊጋባይት ነው፤ እርሱን ይስጡትና በሚጫንበት ሰዓት ብራውዘሩን ጨምሮ ሌላውን ሁሉ ይዝጉ። የፕሮሰሰሩን ቁጥር 2 ያድርጉት፤ በ1 ፕሮሰሰር የተፈጠሩ የኡቡንቱ ማሽኖች በመጫን ላይ እያሉ ሲደርቁ ብዙ ጊዜ ይታያልና። ይሁን እንጂ ላፕቶፑ ያለውን ሁሉ አሟጦ መስጠትም ዊንዶውሱን መልሶ ያንቃል። ዲስኩም ከ25 ጊጋባይት ማነስ የለበትም። ይህ ዲስክ እንደ አስፈላጊነቱ እያደገ የሚሄድ ፋይል ስለሆነ ድራይቩ ላይ ያን ያህል ባዶ ቦታ መኖሩን ያረጋግጡ፤ በተለይ በፋት 32 ፎርማት የተደረገ ፍላሽ ላይ ካስቀመጡት ፋይሉ 4 ጊጋባይት ላይ ሲደርስ ከዚያ ማለፍ አይችልም፤ መጫኑም እዚያው ይቆማል።

ኤፍ 3ን ነክተው ጥቁሩ ገጽ ከመጣልዎት ደግሞ የዲስፕሌይ ቅንብሩን ይመልከቱ፤ የግራፊክስ መቆጣጠሪያው ቪኤምኤስቪጂኤ፣ የቪዲዮ ሜሞሪው 128 ሜጋባይት ይሁን፣ የሦስት አውታር (3ዲ) ማፍጠኛውም ይጥፋ። ኡቡንቱ ሲነሣ በሚመጣው የመጀመሪያ ዝርዝር ላይ ሴፍ ግራፊክስ የሚለውን መምረጥም ይረዳል።

የአገራችን አንባቢ ሊያስተውለው የሚገባ ሌላም ነገር አለ። መጫኛው በመሃል ማሻሻያዎችን ከኢንተርኔት ላውርድ ወይ ብሎ ሲጠይቅ እሺ ካሉት፣ መስመሩ በደከመ ወይም የሞባይል ዳታው ባለቀ ሰዓት መጠባበቁ ከመድረቅ አይለይም። ማሻሻያውን በኋላ ማድረግ ስለሚቻል ምልክቱን ያንሡ፤ እንዲያውም ከማሽኑ የኔትወርክ ቅንብር ላይ ገመዱ ተሰክቷል የሚለውን አጥፍተው መጫን ይችላሉ። የኡቡንቱን መጫኛ የያዘው የወረደው የአይሶ ፋይል ራሱ ተቆራርጦ የወረደ ሊሆንም ይችላል። ይህን ለማወቅ የፋይሉን የሻ 256 ማረጋገጫ ቁጥር አስልተው በኡቡንቱ ገጽ ላይ ከታተመው ጋር ያስተያዩ፤ ከ64ቱ ፊደላትና አኃዞች አንዱ ብቻ ቢለይ እንኳ ፋይሉን ጥለው እንደገና ያውርዱ። ከጓደኛ ፍላሽ የተቀዳ ከሆነ ይህን ሳያደርጉ አይጀምሩ።

እነዚህን ሁሉ በአንድ ጊዜ አይቀይሩ፤ ከቀየሩ የትኛው እንደረዳዎት ሳያውቁ ይቀራሉ። በመጀመሪያ ኤሊዋን ያስወግዱ፣ ካልበቃ ራሙንና ፕሮሰሰሩን፣ ከዚያ የቀሩትን። ቀድሞ መሃል ላይ የተቋረጠውን ማሽን አጥፍተው አዲስ ይፍጠሩ፤ በሚፈጥሩበትም ጊዜ ቨርቹዋልቦክስ 7.0 በራሱ እንዳይጭን፣ ያለ ጠባቂ መጫንን ዝለል የሚለውን ምልክት ያድርጉበት። ራሱ ሲጭን ጥያቄዎቹን ስለማያሳይዎት፣ የማሻሻያውን ምልክት ማንሣት የሚቻልበት ዕድል አይኖርዎትም።

ጥያቄ፦ የእኔ ኡቡንቱ ተጭኖ አልቆ ሪስታርት ስለው የመጫኛውን ሚዲያ አውጣና ኤንተር ተጫን የሚል ጽሑፍ አሳይቶ ይቆማል። በኃይል ስዘጋውና ስከፍተው ደግሞ መጫኑን ከ“ሀ” ይጀምራል። (ከድሬዳዋ)

መልስ፦ የእርስዎ አልደረቀም፤ ኤንተርን እየጠበቀ ነው። በመጀመሪያ በማሽኑ መስኮት ውስጥ አንድ ጊዜ ክሊክ አድርገው ኤንተርን ይጫኑ። እንደገና ወደ መጫኛው ከተመለሰ የአይሶ ፋይሉ አሁንም ሲዲ ማጫወቻው ውስጥ እንዳለ ነው፤ ማሽኑን ዘግተው፣ ከቅንብሩ ስቶሬጅ በሚለው ሥር ፋይሉን ካወጡት በኋላ ያስነሡት። የጫኑት ስለማይጠፋ እንደገና መጫን አያስፈልግዎትም።